የሄርፒስ መድኃኒት የሚሠራው ቫይረሱ ነቅቶ ሲባዛ ብቻ ነው

«ሰባቱን ቀን አንድ ክኒን ሳላጓድል ጨርሻለሁ፤ ታዲያ ከሦስት ወር በኋላ ለምን ተመልሶ ወጣብኝ?» አሲክሎቪር የተባለውን የሄርፒስ መድኃኒት ስናድል ከምንሰማቸው ጥያቄዎች ይህን ያህል ደጋግሞ የሚመጣ የለም። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ የተበላሸ ይመስለዋል፤ አንዳንዱም ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል ብሎ ይሰጋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አይደለም። መድኃኒቱ የሚችለውን ሠርቷል። የማይችለው አንድ ነገር ግን አለ፤ የተኛ ቫይረስን አይነካም። ይህችን ነጥብ በደንብ የያዘ ሰው መቼ መጀመር እንዳለበት፣ ለምን በቀን አምስት ጊዜ እንደሚታዘዝ፣ ክሬም ለምን ብዙ እንደማይረዳ ከዚያው ተነስቶ መረዳት ይችላል።

ስለ የትኞቹ በሽታዎች እንደምናወራ አስቀድመን እንለይ። በከንፈር ዳር ውሃ ቋጥሮ የሚወጣውና ብዙ ሰው ምች የሚለው ቁስል በአብዛኛው የሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ቁጥር 1 ሥራ ነው። የብልት ሄርፒስን በዋናነት የሚያመጣው ቁጥር 2 ነው፤ ቁጥር 1ም ብልት ላይ ይወጣል። ጉድፍና አልማዝ ባለጭራ ደግሞ የአንድ ቫይረስ ሁለት መልኮች ናቸው። ቫሪሴላ ዞስተር የሚባለው ይህ ቫይረስ በልጅነት ጉድፍ ሆኖ ይገባል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይወጣል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 3.8 ቢሊዮን ያህሉ፣ ማለትም 64 በመቶው፣ ቁጥር 1ን ተሸክሞ ይኖራል። ይህን ያህል ሰው የሚጋራውን በሽታ አፍሮ ደብቆ፣ መድኃኒቱ የሚሠራበት ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚመጣ ሰው ስናይ ከልብ ያሳዝነናል።

ሦስቱም ቫይረሶች አንድ ጠባይ ይጋራሉ። ቆዳ ላይ ከተባዙ በኋላ በነርቭ ጭራ በኩል ሽቅብ ተጉዘው በነርቭ ሴሎች ቋጠሮ ውስጥ ይደበቃሉ። የከንፈሩ ቫይረስ የፊትን ስሜት በሚያደርሰው ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ፣ ከራስ ቅል ወለል ላይ ይቀመጣል። የብልቱ ከአከርካሪ የታችኛው ጫፍ አጠገብ ነው። የአልማዝ ባለጭራው በአከርካሪ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ቋጠሮዎችና በፊት ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ያደፍጣል፤ የሚነቃው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ ነው። ሲነቃ በመጣበት ነርቭ ቁልቁል ይወርዳል። የከንፈር ቁስል ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የሚወጣው፣ አልማዝ ባለጭራም በአንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ የሚጋደመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ቫይረሱ ራሱን ለማባዛት ዲኤንኤውን መቅዳት አለበት። ዲኤንኤ መቅዳት ዶቃ እንደመደርደር ነው። እያንዳንዱ ዶቃ ከኋላው ከቀደመው ጋር የሚያያዝበት ቀለበት፣ ከፊቱ ደግሞ ቀጣዩን የሚይዝበት መንጠቆ አለው። ዶቃዎቹ አራት ዓይነት ሲሆኑ አንዱ ጓኖሲን ይባላል። አሲክሎቪር ጓኖሲንን መስሎ የተሠራ፣ ቀለበት ኖሮት መንጠቆ የሌለው ዶቃ ነው። የቫይረሱ ቀጂ ኢንዛይም፣ ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ፣ ተታልሎ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ የሚንጠለጠል ነገር ስለሌለ ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል፤ ኢንዛይሙም እዚያው ተጣብቆ ይቀራል።

የራሳችን ሴሎችም ዲኤንኤ ይቀዳሉ፤ እነሱስ ለምን አይጎዱም? መድኃኒቱ ሲዋጥ ገና ሥራ አልጀመረም። ሰንሰለት ውስጥ ለመግባት ፎስፌት የሚባሉ ሦስት ኬሚካዊ ቁራጮች ሊያያዙበት ይገባል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሰው ሴል ኢንዛይሞች ያያይዙለታል። የመጀመሪያውን ግን በሚገባ የሚያያይዝለት ታይሚዲን ካይኔዝ የሚባለው የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ነው። ስለዚህ ቫይረስ ባልያዘው ሴል ውስጥ አሲክሎቪር ከሞላ ጎደል ሳይነቃ ገብቶ ሳይነቃ ይወጣል። ቫይረሱ ባለበት ሴል ውስጥ ደግሞ ጠላት ራሱ መሣሪያውን ያቀባብለዋል። ይህን መንገድ ካስገኙት ተመራማሪዎች ዋነኛዋ ጌርትሩድ ኤልየን እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዷ ናቸው። ከዚያ በፊት የነበሩት የቫይረስ መድኃኒቶች የሰውን ሴል ከቫይረሱ ብዙም ሳይለዩ ስለሚጎዱ፣ በአፍ የሚወሰድና ለወራት የሚቆይ ሕክምና ይኖራል ብሎ የገመተ ጥቂት ነበር።

እንግዲህ በነርቭ ቋጠሮ ውስጥ የተኛው ቫይረስ ዲኤንኤውን አይቀዳም፤ ታይሚዲን ካይኔዙንም አያመርትም። አሲክሎቪር በአጠገቡ ቢያልፍም የሚያነቃው የለም፣ የሚያቋርጠውም ቅጂ የለም። ቫይረሱን ከሰውነት የሚያጠፋ ክኒን እስከ ዛሬ ያልተገኘው ለዚህ ነው። «ፈጽሞ ይነቅላል» ተብሎ የሚሸጥላችሁ ማንኛውም ነገር ገንዘባችሁን እንጂ ቫይረሱን አይወስድም።

ከዚሁ የሚመነጨው ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው። ቁስሉ ውሃ ቋጥሮ በዓይን ሲታይ አብዛኛው የመባዛት ሥራ ተጠናቋል። ከዚያ በኋላ የምናየው መቅላት፣ ማበጥና ቅርፊት መያዝ ሰውነት ለጉዳቱ የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ መድኃኒቱ ይህን አያክምም። ለሚመላለስ ሄርፒስ ጥሩው ጊዜ ምልክቱ በስሜት ደረጃ ያለበት ሰዓት ነው። በዚያው በተለመደው ቦታ የመለብለብ፣ የማሳከክ፣ ጉንዳን የሚሄድበት የመሰለ ስሜት፣ አንዳንዴም ከብልቱ ሄርፒስ በፊት ወደ መቀመጫና ወደ ጭን የሚወርድ ውጋት ይመጣል። ይህ ስሜት በተሰማ በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ በአንድ ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ክኒን መዋጥ አለበት። ሌሊት ከጀመረ እስኪነጋ መጠበቅ የለበትም። የሚመላለስበት ሰው ምልክቱ ሲመጣ ቀጠሮ ይዞ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ መድኃኒት ፈልጎ እስኪያገኝ ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ ሐኪሙን አስቀድሞ አነጋግሮ የአንድ ዙር መድኃኒት ቤት ውስጥ ቢያስቀምጥ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በሰዓቱ የተጀመረ መድኃኒት የሚመላለሰውን ቁስል በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያሳጥራል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይፈነዳ ያስቀረዋል። በሦስተኛው ቀን የተጀመረ ግን እምብዛም አይረዳም።

«በቀን አምስት ጊዜ» የሚለው ትእዛዝ ብዙዎችን ያማርራል፤ ምክንያት ግን አለው። ከተዋጠው አሲክሎቪር ወደ ደም የሚገባው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ የገባውም በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ አምስት ጊዜ ከታዘዘ በእንቅልፍ ሰዓት ካልሆነ በቀር በየአራት ሰዓቱ መተካት አለበት። ምቹው አከፋፈል ጠዋት 12 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ምሽት 12 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ነው። በብዛት የምናየው ስህተት «አምስቱን ለሁለት ከፍዬ ጠዋትና ማታ ልዋጠው» የሚለው ነው። አንጀት ብዙ ሲሰጡት ብዙ አይቀበልም፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥር የሚገባው መቶኛ እየቀነሰ ይሄዳል። በመሃልም ቫይረሱ ያለ ከልካይ የሚቀዳባቸው ረጅም ሰዓታት ይኖራሉ።

ቫላሲክሎቪር ይህን ችግር ለማቃለል የተሠራ ነው። ቫሊን የሚባል አሚኖ አሲድ የተለጠፈበት አሲክሎቪር ሲሆን፣ አንጀት ቫሊኑን ምግብ ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። ከዚያ በአንጀትና በጉበት ይነጠልና አሲክሎቪር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል፤ የሚገባውም ከ50 በመቶ በላይ ነው። ስለዚህ በቀን አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። ፋምሲክሎቪር ደግሞ በሰውነት ውስጥ ወደ ፔንሲክሎቪር የሚለወጥ ሲሆን፣ በተያዘው ሴል ውስጥ ነቅቶ ለብዙ ሰዓታት ይቆያል። ሦስቱም በውጤት የሚቀራረቡ ናቸው። ልዩነታቸው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዋጡ እንጂ በጥንካሬ አይደለም። አምስት ጊዜ ማስታወስ የማይችል ሰው ግን ውድም ቢሆን ቫላሲክሎቪሩ ይሻለዋል ብለን እናምናለን፤ ያልተዋጠ ክኒን አይሠራምና። ሁሉንም ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም መውሰድ ይቻላል።

መጠኑን እንመልከት። የምንጽፈው ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ የብልት ሄርፒስ ከሁሉም ይከብዳል፤ አሲክሎቪር 400 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ወይም ቫላሲክሎቪር 1 ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይወሰዳል። በአሥር ቀን ያልዳነ ከሆነ ይራዘማል። ለሚመላለሰው አጭር ነው፤ አሲክሎቪር 800 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን፣ ወይም 800 በቀን ሦስት ጊዜ ለ2 ቀን፣ ወይም ቫላሲክሎቪር 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ3 ቀን። ለከንፈር ቁስል ቫላሲክሎቪር 2 ግራም አሁን፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ሌላ 2 ግራም፣ በቃ። ይህ የአንድ ቀን ሕክምና ብዙዎችን ያስገርማቸዋልና «ይህ ይበቃል?» ብለው በራሳቸው ያራዝሙታል። የቫይረሱ መባዛት በዚህ ጊዜ አጭር ስለሆነ መጀመሪያ ላይ በጠንካራው መምታት ነው ዋናው፤ ማራዘሙ የሚጨምረው ነገር የለም።

አልማዝ ባለጭራ ላይ ቆም እንበል፤ ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነውና። ቫሪሴላ ዞስተር ከሄርፒስ ሲምፕሌክስ ይልቅ ለአሲክሎቪር ደንዳና ነው፤ ለመግታት ብዙ መጠን ይፈልጋል። ለአልማዝ ባለጭራ የሚሰጠው 800 ሚሊግራም በቀን አምስት ጊዜ ለ7 ቀን ነው። በስሌት እንየው። የእጃችሁ ክኒን ባለ 200 ሚሊግራም ከሆነ በአንድ ጊዜ አራት፣ በቀን ሃያ፣ በሰባት ቀን 140 ክኒን ነው። ባለ 400 ከሆነ 70፣ ባለ 800 ከሆነ 35 ነው። አልማዝ ባለጭራ የያዘው ሰው 35 ክኒን ይዞ ከሄደ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ይመልከት። ባለ 200 ከሆነ ለሲምፕሌክስ በቀን አምስት ጊዜ የሚሰጠውን አነስተኛ መጠን ይዞ ነው የሄደው፤ የሚያስፈልገውን ሩብ ብቻ ነው የሚወስደው። ሳምንቱን ሙሉ በትጋት ውጦ ሕመሙ የማይቀንስለት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቫላሲክሎቪር ከሆነ 1 ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ፋምሲክሎቪር ከሆነ 500 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሁለቱም ለ7 ቀን።

ሰዓቱ እዚህም ወሳኝ ነው፤ ሽፍታው ከታየ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። 72ቱ የሚቆጠረው ሽፍታው መጀመሪያ ከታየበት ሰዓት እንጂ ሐኪም ካዩበት ቀን አይደለም። ብዙ ጊዜ ሕመሙ ከሽፍታው ሁለት ሦስት ቀን ይቀድማል። ሰውየው ጎኑን ወጋኝ፣ ጡንቻዬ ተሸማቀቀ እያለ ቆይቶ ከዚያ ቀይ ነጠብጣብ ያያል። ይህን ሲያይ ነው መሮጥ ያለበት። 72 ሰዓት ካለፈም ግን አዲስ ውሃ ያዘለ ቋጠሮ እየወጣ ከሆነ፣ ወይም ዓይን አካባቢ ከሆነ፣ ወይም ሰውየው የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ከሆነ መጀመር ተገቢ ነው፤ «ጊዜው አልፏል» ተብሎ መመለስ የለበትም። መድኃኒቱ ሽፍታውን ያደርቃል፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሕመም ያሳጥራል። ሽፍታው ከጠፋ በኋላ ለወራት የሚቆየውን የነርቭ ሕመም ግን ለመከላከሉ ዋስትና አይሰጥም። ለእሱ እንደ ጋባፔንቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል። «ሕመሙ አልሄደም» ብሎ አሲክሎቪርን ለሁለተኛ ወር መቀጠል ኩላሊትን ማልፋት ብቻ ነው። ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ሽፍታው በልብስ ይሸፈን፤ ከቋጠሮው የሚወጣው ውሃ ጉድፍ ይዞት ለማያውቅ ሰው ጉድፍ ያስይዛል።

ሽፍታው ግንባር ላይ ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ነገሩ ሌላ ነው። የአፍንጫን ጫፍ የሚያገኘው የነርቭ ቅርንጫፍ ዓይንንም ያገኛል፤ አፍንጫ ጫፍ ላይ የታየች አንዲት ቋጠሮ ዓይን ውስጥ ላለ ጉዳት ማስጠንቀቂያ ናት። በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሲምፕሌክስም የዓይንን መስታወት ያቆስላል። ዓይን ቀልቶ፣ ብርሃን ሲያይ ሲያመው፣ እይታው ሲደበዝዝ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ በራስ ፈቃድ ማድረግ ዓይንን እስከማጥፋት ይደርሳል፤ ስቴሮይዱ መቅላቱን ቀንሶ ያታልላል፣ ቫይረሱ ግን በሥሩ እየተስፋፋ ይሄዳል። ለዓይን የሚሆነው ለዓይን ተብሎ የተዘጋጀው ባለ 3 በመቶ የአሲክሎቪር ቅባት ነው። ለከንፈር የሚሸጠው ባለ 5 በመቶ ክሬም ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም።

ስለ ክሬሙ አጭር ነገር እንበል። ባለ 5 በመቶ አሲክሎቪር ክሬም በቀን አምስት ጊዜ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ሲቀባ የከንፈር ቁስልን በግማሽ ቀን አካባቢ ያሳጥራል፤ እሱም ገና ሲለበልብ ከተጀመረ። መድኃኒቱ በቆዳ ውስጥ ወደሚፈለገው ጥልቀት በበቂ አይዘልቅም፤ ቫይረሱ ደግሞ ከታች ከነርቭ ጫፍ ነው የሚመጣው። ለብልት ሄርፒስ ክሬም አንመክርም። ለአልማዝ ባለጭራ ደግሞ ምንም አይረባም፤ ክሬም እየቀቡ 72ቱን ሰዓት ማሳለፍ ትልቅ ኪሳራ ነው።

አሁን ኩላሊት። አሲክሎቪር ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በሽንት ነው፤ በውሃም በደንብ አይሟሟም። ሽንት ከወፈረ በኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ ቅንጣቶች ሆኖ ይረጋና ይደፍናቸዋል። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ሽንቱ ገርጣ እስኪል ድረስ ውሃ ይጠጣ። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰው ይህን በተለይ ያስብበት። ለሕመሙ ተብሎ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መጨመር ኩላሊቱ ላይ ሌላ ሸክም ነው፤ ፓራሲታሞል ይመረጣል።

የኩላሊት ሥራው ለቀነሰ ሰው መጠኑ ሳይቀነስ ከተሰጠ መድኃኒቱ ተጠራቅሞ አእምሮን ይነካል። በደንብ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው። አልማዝ ባለጭራ የያዛቸው አዛውንት መድኃኒቱን በጀመሩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ይያያዛል፣ ልጆቻቸውን ያምታታሉ፣ የሌለ ሰው ያያሉ። ቤተሰብ በእርጅና ወይም በሕመሙ ያሳብባል። ትኩሳት ከሌለና ለውጡ የመጣው መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መድኃኒቱ ነው። ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ተወስደው መድኃኒቱ እንዲቆምና ኩላሊታቸው እንዲመረመር ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው በቀናት ውስጥ ይመለሳል፤ የባሰበት በዲያሊሲስ ይታጠባል። ለመከላከል ቀላል ነው። ዕድሜው ለገፋ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ላለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ክሬያቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያጣራው የጡንቻ ተረፈ ምርት፣ ይለካ፤ ከዚያ ተነስቶ የኩላሊት የማጣራት አቅም ይሰላ። ቫላሲክሎቪር ለአልማዝ ባለጭራ ሲሰጥ የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ30 እስከ 49 ሚሊ ሊትር ከሆነ 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ፣ ከ10 እስከ 29 ከሆነ 1 ግራም በቀን አንዴ፣ ከ10 በታች ከሆነ 500 ሚሊግራም በቀን አንዴ ይሆናል። ክሬያቲኒን ቁጥሩ ብቻውን «ደህና» ቢመስልም ቀጭን አዛውንት ላይ ያታልላል፤ ጡንቻ ሲያንስ ክሬያቲኒንም ያንሳልና ስሌቱ ዕድሜንና ክብደትን ይጨምር።

በዓመት ብዙ ጊዜ የሚመላለስበት፣ ወይም ቢያንስም ሕይወቱን የሚያውክበት ሰው በየቀኑ እየወሰደ ሊከላከለው ይችላል። አሲክሎቪር 400 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ወይም ቫላሲክሎቪር 500 ሚሊግራም በቀን አንዴ ነው፤ በዓመት አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚወጣበት ቫላሲክሎቪሩ 1 ግራም ይደረጋል። ይህ የመውጣቱን ብዛት ከ70 እስከ 80 በመቶ ይቀንሳል። አሠራሩ ያው ነው፤ ቫይረሱ ነቅቶ ቅጂ ሲጀምር መድኃኒቱ በሩ ላይ ይጠብቀዋል። ለዓመታት መውሰድ ይቻላል፣ ሱስም አያስይዝም። በዓመት አንዴ አቁሞ ማየት ጥሩ ነው፤ በብዙ ሰው ላይ የመመላለሱ ብዛት ከጊዜ ጋር በራሱ ይቀንሳልና። ባቆሙበት ሰሞን አንድ ጊዜ ቢወጣ ግን ተሸንፌያለሁ አትበሉ፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ እስኪወጣ ታግሶ ያኔ መወሰን ይሻላል።

የትዳር አጋርን ስለመጠበቅ የሚጠይቁም ብዙ ናቸው። ቫይረሱ ቁስል በሌለበት ቀንም ከቆዳ ላይ ይገኛል፤ ብዙው መተላለፍም የሚከሰተው በዚያን ጊዜ ነው። አንዱ ቁጥር 2 ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ጥንዶች ዘንድ በተደረገ ጥናት ቫላሲክሎቪር 500 ሚሊግራም በየቀኑ መውሰድ መተላለፍን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ግማሽ ሙሉ አይደለም። ኮንዶም ይጨመርበት፤ ምልክቱ በተሰማበት ቀን ደግሞ ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሰዎች ይህ መድኃኒት የሄርፒስ ቁስሉን ይቆጣጠራል እንጂ ኤችአይቪን ወደ ሌላ ሰው ከማስተላለፍ አይከለክልም፤ ለዚያ ዋናው የኤችአይቪ መድኃኒታቸው ነው።

ነፍሰ ጡር ሴት አሲክሎቪር መውሰድ ትችላለች። ዋናው አደጋ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘች እናት ናት፤ ሰውነቷ ለልጁ የሚያወርሰው መከላከያ ገና አላዘጋጀምና። ቀድሞ የሚመላለስባት ከሆነ ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ 400 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ትወስዳለች፤ ምጥ ሲመጣ ቁስል ወይም የመለብለብ ስሜት ካለ በቀዶ ሕክምና ትወልዳለች። ስለዚህ ሄርፒስ እንዳለባት ለሚከታተላት ባለሙያ መናገር የሚያሳፍር አይደለም፤ የልጇ ሕይወት ጉዳይ ነው። ሄርፒስ የያዘው አራስ ሕፃን በክኒንም በሽሮፕም አይታከምም፤ ሆስፒታል ተኝቶ በደም ሥር 20 ሚሊግራም በኪሎ በየ8 ሰዓቱ ለ14 ወይም ለ21 ቀን ይሰጠዋል።

በደም ሥር የሚሰጥበት ሌላው ከባድ ጉዳይ የአንጎል ሄርፒስ ነው። ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበት ሰው ጠባዩ ከተለወጠ፣ ቃላት ከጠፉት ወይም ከተንቀጠቀጠና ራሱን ከሳተ ለነገ የሚባል አይደለም። ካልታከመ ከአሥር ሰባቱ ያህል ይሞታሉ። ስለዚህ የምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ 10 ሚሊግራም በኪሎ በየ8 ሰዓቱ ይጀመራል፤ ከ14 እስከ 21 ቀንም ይቀጥላል። በደም ሥር ለሚሰጡት የሙያ ባልደረቦች ሁለት ነገር እናስታውስ። በግፊት በአንዴ አይሰጥም፤ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ይንጠባጠብ፣ ከእሱም ጋር በቂ ፈሳሽ ይሰጥ፤ አለበለዚያ ኩላሊት ውስጥ ይረጋል። በተጨማሪም ፈሳሹ አልካላይነቱ ኃይለኛ ስለሆነ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ያቃጥላል፤ መርፌው የገባበት ቦታ በየጊዜው ይታይ።

መድኃኒቱን የለመደ ቫይረስ አለ ወይ? አለ፤ ግን የመከላከል አቅሙ ጤነኛ የሆነ ሰው ላይ ከመቶ አንድም አይሞላም። ቫይረሱ የሚለምደው በአብዛኛው ታይሚዲን ካይኔዙን በመጣል ነው፤ መድኃኒቱን የሚያነቃው እጅ ይጠፋል ማለት ነው። ያኔ ቫላሲክሎቪርና ፋምሲክሎቪርም በዚያው በር ስለሚገቡ አብረው ይወድቃሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀያየር አይረዳም። የአካል ንቅለ ተከላ ያደረገ ወይም የመከላከል አቅሙ በጣም የተዳከመ ሰው በትክክለኛ መጠን ወስዶ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ለውጥ ካላየ ይህ ሊጠረጠር ይገባል። ፎስካርኔት የሚባለው ሌላ መድኃኒት ያለማንም እገዛ ፖሊመሬዙን በቀጥታ ስለሚይዝ ያኔ ይሠራል፤ ኩላሊትን ስለሚጎዳ ግን በሆስፒታል ብቻ ይሰጣል። ሌላ በር የሚፈልጉ አዳዲስ መድኃኒቶችም እየመጡ ነው፤ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2017 ለአልማዝ ባለጭራ የፈቀደችው አሜናሜቪር የዲኤንኤውን ሁለት ክር የሚፈታውን ኢንዛይም ነው የሚይዘው።

ጤነኛው ሰው ላይ «አልሠራ አለኝ» ሲባል ግን ከመልመድ በፊት የምንመረምረው ሌላ ነው። ዘግይቶ ተጀምሯል? መጠኑ ለበሽታው ልክ ነው? ደግሞስ በእርግጥ ሄርፒስ ነው? ቂጥኝም፣ የአፍ ውስጥ ተራ ቁስልም፣ የፈንገስና የመድኃኒት አለርጂም ይመስሉታል። የደም ምርመራ እዚህ ላይ ብዙ ያሳስታል፤ ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ መኖሩን ይነግራችኋል እንጂ የዛሬው ቁስል የእሱ መሆኑን አይነግራችሁም፤ አዲስ የተያዘ ሰው ላይ ደግሞ ለሳምንታት ነፃ ሊል ይችላል። የሚለየው ከቁስሉ ራሱ ናሙና ተወስዶ የሚሠራ፣ የቫይረሱን ዲኤንኤ የሚፈልግ ፒሲአር የሚባል ምርመራ ነው። ለዚያ ቁስሉ ትኩስ መሆን አለበት። ውሃ የቋጠረውን በንጹህ መርፌ ከፍቶ ወለሉን በጥጥ እንጨት ማሸት ያስፈልጋል፤ ከደረቀ ቅርፊት ላይ የተወሰደ ናሙና ብዙ ጊዜ ባዶ ይላል። ስለዚህ ለምርመራ የምትሄዱ ከሆነ ቁስሉ በወጣ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን፣ ምንም ክሬም ሳትቀቡበት ሂዱ።